ደመና ስከተል የዋልሁበት ቀን

ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር አያይም። ገበሬ ደመናን ሲያይ ዘሩን ያስባል፤ ከብት አርቢ ሣሩን ያስባል፤ መንገደኛ መጠለያውን ያስባል። እኔ ደግሞ ዛሬ በማወጋችሁ ቀን ደመናን ያየሁት ፎቶግራፍ ላነሣው ብቻ ነበር። ቀኑ ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ቦታው ከሐርጌሳ ከተማ በስተምዕራብ የተዘረጋው የወጃሌ ሜዳ ነው።

በዚያን ጊዜ በሐርጌሳ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደረቅ አምባ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ ናሳ ሐብሎድ የሚባሉት መንትያ ኮረብታዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ማሮዲ ጄሕ ወንዝ ይባል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃ የለበትም፤ አሸዋው ላይ ሰው ይመላለስበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ከየኮረብታው የተሰበሰበው ጎርፍ በድንገት ሞልቶ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ደረቅ የወንዝ መውረጃ ሶማሌዎች «ቶግ» ይሉታል። ይህን ቃል አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የአገሩ ሰው ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ የሚዘንበው «ጉእ» ይባላል፤ ዋናው የሣርና የወተት ወቅት እርሱ ነው። ቀጥሎ ነፋሻማው «ሐጋ» ይመጣል፤ በምዕራቡ አምባ በዚሁ ጊዜ «ከረን» የሚባል ዝናብ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ አጭሩ የ«ደይር» ዝናብ፣ በመጨረሻም ረጅሙና ጽኑው በጋ «ጂላል» ይከተላል። እኔ በዚያ በነበርሁበት ጊዜ የአፍሪካ ቀንድ ከባድ ድርቅ አሳልፎ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው፣ በ2015 ዓ.ም. የጉእ ወራት ዝናቡ ተመለሰ። ስለዚህ በዚያ ሚያዝያ በሐርጌሳ ሰው ሁሉ ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ «የት ዘነበ?» እያለ ይጠያየቅ ነበር።

ስለ ደመና ዓይነቶች በማስተምርበት ሳምንት አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። እንማርበት የነበረው መጽሐፍ መልካም መልካም የደመና ፎቶግራፎች ነበሩበት፤ ሁሉም ግን በሩቅ አገር የተነሡ ነበሩ። «መምህር፣ የእኛ ሰማይ ፎቶግራፍ የለውም ወይ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። በመጪው ዓርብ የአገሩን ደመና በካሜራዬ አንሥቼ በክፍሉ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። መምህር በተማሪዎቹ ፊት የገባውን ቃል ማጠፍ አይችልም።

ደመና መከተል በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ላይ በጸደይ ወራት መኪና እየነዱ ውሽንፍርና ዐውሎ ነፋስ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ዴቪድ ሆድሊ ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 በሰሜን ዳኮታ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ሱፐርሴል የሚባለውን ደመና ነው። ስሙን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣለት ኪት ብራውኒንግ የተባለው እንግሊዛዊ የአየር ጠባይ ሊቅ ነው።

ሱፐርሴል ተራ የነጎድጓድ ደመና አይደለም። በተራው ደመና ውስጥ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ዝናቡና ቀዝቃዛው አየር በላዩ ይወርዱበትና ያፍኑታል፤ ስለዚህ የደመናው ዕድሜ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ነፋሱ በምድር አጠገብ በአንድ አቅጣጫ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ በሌላ አቅጣጫና በበለጠ ፍጥነት በሚነፍስበት ቦታ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽቅብ የሚወጣው አየር እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ዝናቡም ከእርሱ ራቅ ብሎ ስለሚወርድ አያፍነውም። እንዲህ ያለው ደመና ለብዙ ሰዓታት እየኖረ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ከባድ በረዶ ይጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ምድር የሚደርስ ዐውሎ ነፋስ ይወልዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ዳኮታ የወረደ አንድ የበረዶ ድንጋይ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር።

ሥራው አደገኛ ነው። ቲም ሳማራስ በጥንቃቄው የታወቀ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ፣ በኤል ሪኖ ከተማ አጠገብ፣ ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዐውሎ ነፋስ በድንገት አቅጣጫውን ለውጦ እርሱን፣ ልጁንና የሥራ ባልደረባውን ገደላቸው። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ለጀማሪ የሚነግሩት የመጀመሪያ ምክር ስለ ካሜራ አይደለም፤ «መሸሻ መንገድህን ሳታይ አትቁም» የሚል ነው። ይህን ምክር አንብቤ ነበር። ማንበብና ማወቅ ግን ሁለት ነገሮች መሆናቸውን በዚያ ቀን ተረዳሁ።

ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሐርጌሳ ተነሣን። የያዝነው አሮጌ ላንድ ክሩዘር መሪው በቀኝ በኩል ነበር፤ በዚያ አገር መኪና የሚነዳው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ቢሆንም፣ ከውጭ የሚገቡት አብዛኞቹ መኪናዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። ሾፌሩ 45 ዓመት ገደማ የሆነው የሐርጌሳ ተወላጅ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከተማይቱ በጦርነት ስትፈርስ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወላጆቹ ጋር በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሐርቲ ሼክ በተባለው የስደተኞች መጠለያ ኖሯል። ሐርቲ ሼክ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስጠለለ ቦታ ነበር። ሾፌሩ በጅግጅጋ ገበያ ሲላላክ የለመደውን አማርኛ አልረሳውም። እኔን ግን በስሜ አይጠራኝም፤ «መዓሊን» ይለኛል፤ በሶማልኛ መምህር ማለት ነው።

አረብሲዮን አልፈን ገቢሌይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሾፌሩ መኪናውን በአንድ መስጊድ አጠገብ አቁሞ፣ «መዓሊን፣ ደመናው ይጠብቅሃል፤ የዓርብ ስግደት ግን አይጠብቀኝም» ብሎኝ ገባ። እኔም ከአንዲት ሻይ ሻጭ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ወደ ሰሜን ማየት ጀመርሁ።

በዚያ አምባ ላይ የነጎድጓድ ደመና የሚወለድበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ምድሩን ታግላለች። በሰሜን በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የጎሊስን ተራሮች ሽቅብ ይወጣል። ይህ እርጥብ አየር በጋለው አምባ ላይ ከሌላው ነፋስ ጋር ሲገናኝ፣ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይነሣል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎትም ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ይለወጣል። እንፋሎቱ ውሃ ሲሆን ደግሞ ሙቀት ይለቃል፤ ያም ሙቀት አየሩን ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል። ስለዚህ ደመናው ራሱ ራሱን እያበረታ ያድጋል። ሾፌሩ ከስግደት ሲመለስ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት እንደ ጥጥ ባዘቶ የነበሩት ደመናዎች እንደ ግንብ ቆመው ነበር።

ገቢሌይንና ከለበይድን አልፈን ወደ ወጃሌ ሜዳ ገባን። መሬቱ ጥቁርና ሰፊ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ዛፍ እምብዛም አይታይበትም። አንዳንዱ ቦታ ለማሽላ ታርሷል፤ ሌላው ግጦሽ ነው። ሜዳው በድንበሩ ሳይወሰን ወደ ጅግጅጋ ይቀጥላል። ዋናውን መንገድ ትተን በመንደር መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ወርጄ ካሜራዬን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተከልሁ።

ደመናው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በኮረብታዎቹ አናት ላይ ቆሟል። ግርጌው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ወገቡ እንደ አበባ ጎመን እየፈነዳ ይወጣል፤ ጫፉ ግን ከዚህ በላይ መውጣት ስላልቻለ ወደ ጎን ተዘርግቶ የአንጥረኛ መስፍ መስሏል። በክፍል ውስጥ በጠመኔ ስንት ጊዜ የሣልሁት ደመና እርሱ ነበር። የሚሾር ሱፐርሴል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ከጎኑ እየተወለደ የሚተካ የተራ ነጎድጓድ ደመናዎች ረድፍ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚጠብቁት ሰማይ ይኸው ነው። ደጋግሜ አነሣሁ። የካሜራዬ ማኅደር ካርድ ሲሞላ አውጥቼ በደረት ኪሴ ከተትሁና ሌላ አገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን መብረቅ መታየት ጀመረ። መብረቅ የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያግለዋል፤ ይህም የፀሐይ ገጽ ካለው ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። አየሩ በድንገት ሲሰፋ የሚያሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ብልጭታውን ካየሁ በኋላ እቆጥር ጀመር። መጀመሪያ ስልሳ ቆጠርሁ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በኋላ አርባ አምስት ሆነ። ዝናቡ ገና ሩቅ ነበር፤ በእኛ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ከደመናው የወረደው ቀዝቃዛ አየር ግን ቀድሞ ደረሰ፤ አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ እያንከባለለ መጣ፤ ለጥቂት ደቂቃዎችም መኪናው ውስጥ ተዘግተን ቆየን።

አቧራው ሲያልፍ ብርሃኑ አስደናቂ ሆነ። ሜዳው በፀሐይ ወርቅ መስሎ፣ ከበስተኋላው ጥቁሩ ሰማይ በመብረቅ ይሰነጠቅ ነበር። ከፊታችን አንዲት ጠባብ ቶግ ነበረች፤ አሸዋዋ ደርቆ ያንጸባርቃል። በገላጣ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ሰው ለመብረቅ ይጋለጣል ብዬ አሰብሁና ወደ ቶጓ ወርጄ ካሜራዬን በአሸዋው መካከል ተከልሁ። ከአንድ አደጋ ስሸሽ ወደ ሌላው እየገባሁ መሆኔን ልብ አላልሁም።

«መዓሊን፣ ይበቃሃል፤ መሻገር አለብን፤ መመለሻችን ማዶ ነው» አለ ሾፌሩ ከዳር ሆኖ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ወንድሜ» አልሁት።

አምስት ደቂቃው አለፈ፤ ሌላ አምስት ጠየቅሁ። ከእኔ ወደ ላይ፣ ሃምሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌና አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ በአሸዋው ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ ፍየሎቻቸውን ያጠጡ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ከካሜራው፣ አሳቤም ከቁጥሩ አልተላቀቀም። ድንገት ሽማግሌው ቀና ብለው እንደሚያዳምጥ ሰው ቆሙ። ፍየሎቹን በበትራቸው ወደ ዳር ይነዱ ጀመር። ልጅቱ ሁለት ግልገሎች አቅፋ ነበር፤ ወደ እኔ ዞራ ጮኸች።

«ቢዮ! ቢዮ!»

ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው። ይህችን ቃል አውቃት ነበር። ልጅቱ የምትጠጣው ውሃ ፈልጋ የጠየቀችኝ መሰለኝ፤ ከጎኔ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አንሥቼ በፈገግታ ዘረጋሁላት። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግልገሎቹን መሬት ላይ ጥላ ሮጣ መጣችና እጄጌን ይዛ ጎተተችኝ። በዚያው ቅጽበት ሾፌሩ ከዳር «ጎርፍ!» ብሎ በአማርኛ ሲጮኽ ሰማሁ። ከወደ ላይም እንደ ከባድ መኪና ያለ ጉርምርምታ መጣ። ካሜራዬን ለመንቀል ዞር አልሁ፤ ልጅቱ ግን አልለቀቀችኝም። ሁለታችንም በአራት እግራችን ዳሩን ወጣን።

መጀመሪያ የመጣው አረፋና ጭራሮ ነበር፤ በአሸዋው ላይ እንደ ምላስ ተዘረጋ። ቀጥሎ የመጣው ቡናማ ውሃ ጉልበት ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን በቁመት ልለካው አልችልም፤ ካሜራዬ ከነማቆሚያው አንድ ጊዜ ዘንበል ሲል ታየኝ፤ ሁለተኛ አልታየም። ሁለቱ ግልገሎች አብረው ሄዱ። በላያችን ግን አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወደቀችም ነበር።

ተቀምጬ ተንቀጠቀጥሁ። ያንቀጠቀጠኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረትም ነበረበት። እኔ ያደግሁት በድሬ ዳዋ፣ በደቻቱ ዳር ነው። በልጅነቴ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ኳስ ስጫወት አድጌአለሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ በዙሪያው ባሉት ደጋዎች የጣለው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል እኔ በኮሌጅ ትምህርት ላይ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ አብሮኝ ኳስ ይጫወት የነበረ አንድ ጓደኛዬ ከሟቾቹ አንዱ ሆኖ አገኘሁት። ዝናብ በአንድ ቦታ እንደሚጥል፣ ጎርፍ ግን በሌላ ቦታ እንደሚገድል ከእኔ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይገባው ነበር? ደግሞም በዚያው አካባቢ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሳጋር የተባለው ማዕበል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በአውዳል ጠረፍ ሲገባ ከ50 የማያንሱ ሰዎችና እጅግ ብዙ ከብቶች ማለቃቸውን ለተማሪዎቼ አስተምሬ ነበር። የማስተምረውን ነገር በራሴ እግር ሥር ሲመጣ አላየሁትም።

ጎርፉ እስኪጎድል ድረስ መሻገር አልተቻለም። ሽማግሌው ወደ መጠለያቸው ወሰዱን፤ ባለቤታቸውም ትኩስ ሻይ በወተት አቀረቡልን። እኔም ሾፌሩን አስተርጓሚ አድርጌ፣ «አዴር፣ በእኔ ምክንያት ግልገሎችዎ ጠፉ፤ የሁለቱንም ዋጋ ልክፈልዎ» አልኋቸው። አዴር አጎት ማለት ነው፤ በዚያ አገር ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና በረጋ ድምፅ መለሱ። ሾፌሩም እንዲህ ሲል ተረጎመው፤ «የአንዷን ይክፈል፤ ልጅቱ የለቀቀቻት እርሱን ለማውጣት ነውና። የሁለተኛይቱን ግን አልቀበልም። ጎርፉን የላከው አላህ ነው፤ በዚህ ጎርፍ የሚበቅለውን ሣር የሚበሉት የእኔው ፍየሎች ናቸው። ሣሩን ወስጄ የጎርፉን ዋጋ ከእንግዳ ብቀበል ፍርድ አይሆንም።»

የአንዷን ዋጋ ከፈልሁ። ከዚያም ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «መዓሊን፣ ደመናውን ስታይ ዋልህ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ግን አልጠየቅህም። ለምን?» የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ደመናውን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጆሯቸውን ወደ ቶጓ አዘንብለው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

በመሸ ጊዜ ደመናው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጅግጅጋ ሜዳ አለፈ። ካሜራ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ አየሁት። በሩቅ ውስጥ ለውስጥ ሲበራ ሰማዩን የፋኖስ ቤት አስመሰለው። ሾፌሩ ከአጠገቤ ተቀምጦ፣ በልጅነቱ በዚያው ሜዳ ሲሰደድ ዝናብ እንደ ደበደባቸው፣ እናቱም ዝናቡን አንድ ጊዜ ስትረግመው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመሐረቧ እያጠለለች ስታጠጣው እንደ ነበር አጫወተኝ። «አንድ ዝናብ ነው፣ መዓሊን» አለኝ፤ «እንደ አገኘህበት ቦታ ነው።» አራት ሰዓት ሲሆን ውሃው ጎደለ፤ ሽማግሌው በበትራቸው ጥልቀቱን እየለኩ ቀድመውን አሻገሩን።

በማግሥቱ ቅዳሜ ትምህርት ነበር። ተማሪዎቼ ፎቶግራፉን ይጠብቁ ነበርና የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ ጠርሙሱን የዘረጋሁበትን ስነግራቸውም ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በደረት ኪሴ የቀረችው የመጀመሪያዋ ካርድ ግን ደኅና ነበረች። ከእርስዋ አንዱን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሜ ቃል እንደ ገባሁት በግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። ጥቁር ግርጌ ያለው፣ ጫፉ እንደ መስፍ የተዘረጋ፣ በሁለመናው የአገሩ የሆነ ደመና ነበር።

ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪ ቀርባ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም በጣቷ የሥዕሉን ታችኛ ጠርዝ እያሳየች፣ «መምህር፣ ይህችስ ማን ናት?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከሰፊው ደመና ሥር፣ በሜዳው ጫፍ ላይ፣ ከጭራሮ የማትበልጥ አንዲት ልጅ ፍየሎች ትነዳለች። ፎቶግራፉን ባነሣሁ ጊዜ በፊቴ ነበረች፤ እኔ ግን አላየኋትም ነበር።

ልጆች፣ ሰማይን መመልከት መልካም ነው፤ ዕውቀትም ደስታም ይገኝበታል። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ከቤት ወይም ከተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፤ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ደረቅ በሆነ የወንዝ መውረጃ ውስጥ አትቁሙ፤ በላያችሁ ፀሐይ ቢወጣም በሩቅ ተራራ ዝናብ ሊኖር ይችላልና። የአገሩ ሰው ሲጠራችሁ ደግሞ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም አስተውሉ።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጸሐፊው ደመና ፎቶግራፍ ለማንሣት የተነሣው በምን ምክንያት ነው?
2. ተራው የነጎድጓድ ደመና ከሱፐርሴል በምን ይለያል?
3. ጸሐፊው ወደ ቶጓ የወረደው ምን አስቦ ነው? አሳቡ የተሳሳተው የት ላይ ነው?
4. ሽማግሌው የአንዷን ግልገል ዋጋ ብቻ የተቀበሉት ለምንድን ነው? ፍርዳቸው ትክክል ይመስላችኋል?

ለ. በአካባቢያችሁ ዝናብ የጣለበትን አንድ ቀን በማስታወስ ሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።